ዝግጁ ያልሆነው መኪና

እንግዳወርቅ በየምሽቱ ሥራዋን ስትጨርስ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርትመንቷ ወደ መኪና ማቆሚያው ትወርድና የሟች ባሏን ካምሪ መኪና ትከፍታለች። የምትገባው በሾፌሩ በኩል አይደለም። በቀኝ በኩል፣ በትዳር ዘመኗ ሁሉ በተቀመጠችበት በራሷ ቦታ ነው። ቀበቶዋን ታስራለች። ሞተር አታስነሣም፣ አታለቅስም፣ አትጸልይም። ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ ጎረቤቶቿም ከዘመድ ጋር የምታወራ ይመስላቸዋል።

በግራዋ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ባዶነቱ ግን እንደ ሌላ ወንበር አይደለም። ዓምደሚካኤል ረጅም ሰው ነበር። ለእግሩ የሚበቃ፣ ለወገቡ የሚመች ቦታ እስኪያገኝ የወንበሩን ቁልፎች ሲነካካ ኖረ፤ ወደ ኋላ፣ መለስ ብሎ ትንሽ ወደ ፊት፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ መደገፊያው ጋደል። አንድ ጠዋት "አሁን ገና ልኬን አገኘሁ!" አለና ከዚያ በኋላ አልነካውም። ከመኪናው ወርዶ ደረጃ ሲወጣ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ማንም አልነካውም። መደገፊያው ላይ የትከሻው ስርጉድ አለ። እንግዳወርቅ እጇን አታሳርፍበትም። ታየዋለች፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ትወጣለች።

ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለለቅሶ የመጣው ሰው እንኳ "እንደ ፈረንጅ ሆነች፤ እንባ የላትም" ብሎ አምቷታል። ልጇ ዳጊ ለእሷ አዝኖ፣ እናቴ እያየችው አትሰቃይ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት የአባቱን ልብስ ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ሞልቶ ለበጎ አድራጎት ሰጥቶ ጠበቃት። ስትመለስ ቁም ሳጥኑ ባዶ ነበር። "አመሰግናለሁ፣ ልጄ" አለችው። ከዚያ በኋላ ዓምደሚካኤል የሰውነቱን ልክ የተወበት ነገር ያ ወንበር ብቻ ሆነ።

አሁን ግን የመኪናው የኢሚሽን፣ የጭስ ምርመራ ቀን ደርሷል። አንዴ ተራዝሞላታል፤ ሁለተኛ አይራዘምም። እስከሚመጣው ቅዳሜ ካላለፈ ታርጋው ይታገዳል። ታርጋው የታገደ መኪና ደግሞ እነሱ ግቢ አያድርም፤ ኪራይ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ጠርተው ቶው ያስደርጉታል። ተጎትቶ የሄደ መኪና ውስጥ ማን እንደሚገባ፣ የማን እጅ ያን ወንበር እንደሚገፋው ማን ያውቃል?

ዳጊ ከሚኖርበት ከቅርቡ ከተማ፣ ከጀርመንታውን፣ ደወለ።

"ማሚ፣ ሊስን። ለተቸገሩ ዶኔት እናድርገው። ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል።"

"መኪናው ምን ሆነ?"

"ዩ ዶንት ኢቭን ድራይቭ ኢት!"

"እነዳዋለሁ።"

"ዌን?"

"ልጆቹን ሳምልኝ" አለችና ዘጋችው።

*

ሱፍያን ከጎረቤቱ ሰፈር ከላንግሊ ፓርክ የመጣው እሑድ ከሰዓት ነው። ከዓምደሚካኤል ጋር ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ታክሲ አቁመው ሲያወጉ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ በዕድሜ ግን ያንሰዋል። አጭር፣ ፈጣን፣ ሲሠራም ሲያወራም አፍታ የማይቆም ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የሞተውን ባትሪ ከራሱ መኪና ጋር በሽቦ አገናኘ። ከዚያ የሾፌሩን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባ።

"እንዳትቀመጥ!" አለች እንግዳወርቅ።

ሱፍያን እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ። "እትዬ እንግዳ፣ መኪና ነው ወይስ ታቦት?"

"ቆመህ አስነሣው።"

"ይሁን። እኛ እስላሞች እንኳ ጫማችንን ብቻ ነው የምናወልቀው" አለና ጎንበስ ብሎ፣ እጁን በመሪው ሥር አሳልፎ፣ ቁልፉን አዞረ። መኪናው ጉሮሮው እንደታፈነ ሰው አጉረመረመና ተነሣ። በዚያው ቅጽበት ወንበሩም ነፍስ ዘራ፤ በጎኑ ያሉት ቁልፎች በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ባትሪው እስከሞተ ድረስ ማንም ቢነካቸው ምንም አይሆንም ነበር። እንግዳወርቅ ይህን ያሰበችው ገና አሁን ነው።

ሱፍያን ዳሽቦርዱ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ጣቱን አስገብቶ ከጠቋሚዎቹ መካከል የጥፍር ስፋት ያላት ጥቁር ናስትሮ ላጠ። ከሥሯ ቢጫው የሞተር መብራት ቦግ ብሎ በርቷል።

"ያ አላህ! ጋሼ ዓምዴ ሸፍኗት ነበር።"

"ምኗን?"

"ቼክ ኢንጅኗን። ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ተሳፋሪ እንዳያይ፣ ሚስት እንዳትጨነቅ።" ተናግሮ ሳይጨርስ ፊቷን አየና ናስትሮዋን ዘረጋላት።

እንግዳወርቅ ናስትሮዋን ከእጁ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በስንት መንገድ አብራው ሄዳለች! ያ መብራት በሁለቱ መካከል እየበራ፣ እሱ እያወቀው፣ እሷ በመስኮቱ ዛፍ እያየች።

"መብራቱ እንደበራ ከሄደ ይወድቃል?"

"ወዲያው ነው የሚጥሉት። ግን አይዞዎት፣ ለዚህ መድኃኒት አለኝ።" ከኪሱ የመኪና ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ ስካነር አወጣ፤ ከመሪው ሥር ሰካው፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የብልሽቱን ኮድ ሰረዘው። ቢጫው መብራት ጠፋ። "አለቀ! ነገ ይውሰዱት። ደግሞ የኛ ይሻላል። እህቴ ጀርመን አገር መስተዋቷ ላይ አረንጓዴ ምልክት ካልለጠፈች መሀል ከተማ አትገባም። መኪናዋ አሮጌ ስለሆነ የተሰጣት ቢጫ ምልክት ነው፤ በቢጫ አትገቢም ብለዋት ከከተማ ዳር አቁማ በባቡር ነው ሥራ የምትገባው። እኛ ጋ ለጭስህ ደብዳቤ ቤትህ ድረስ ይልኩልሃል እንጂ ከተማው በር ላይ አያቆሙህም።"

እንግዳወርቅ ሳቅ ቢመጣት ትስቅለት ነበር።

*

አሁን የሚነዳው ሰው ተፈለገ። እንግዳወርቅ መንጃ ፈቃድ አላት፤ ግን ወንበሩ እንዳለ ከሆነ እግሯ ፍሬኑ ጋ አይደርስም። ሱፍያንም ያው ነው። ያን ወንበር ሳይነካ ሊነዳ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው፣ በቁመት አንድ የሆነው የዓምደሚካኤል ታላቅ ወንድም፣ ይድነቃቸው።

በማግስቱ በሜትሮ ባቡር መጣ። ከዘራውን ከኋላ ወንበር አጋድሞ በሩን ሲከፍት "ጋሽ ይድነቃቸው፣ ወንበሩን እንዳይነኩት አደራ" አለችው።

"ምን አስነካኝ? አንድ እናት አይደለችም የወለደችን?" አለና ገባ። እግሩ ፍሬኑ ላይ፣ ጀርባው ስርጉዱ ውስጥ፣ ዓይኑ ስፔኪዮው ላይ ልክ አረፈ። እንግዳወርቅ በቀኝ በኩል ተቀመጠች። ወደ ግራዋ አንዴ ብቻ አየች። አፍንጫው፣ አገጩ፣ መሪውን በአንድ እጁ አያያዙ። ከዚያ እስከ ጣቢያው ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

ጣቢያው ሰፊ መጋዘን ነው፤ መኪኖች በአንድ በር ይገባሉ፣ በሌላው ይወጣሉ። ሠራተኛዋ ገመዷን ከመሪው ሥር ሰካች፣ የኮምፒውተሯን ስክሪን አየች፣ ነቀለች።

"አልወደቀም። ግን ደግሞ አላለፈም" አለች። "ዝግጁ አይደለም።"

"ምን ማለት ነው?" አለች እንግዳወርቅ።

"ሰሞኑን ባትሪው ሞቶ ነበር? ወይስ ሰው ኮዱን ሰርዞታል? ኮምፒውተሩ ሁሉን ነገር ረስቷል። መኪናው ሲነዳ ነው ራሱን እየመረመረ የሚያስታውሰው። ራሱን መርምሮ ካልጨረሰ እኛ ምንም ልናነብለት አንችልም። ንዱት። በከተማም፣ በሀይዌይም።"

"ስንት ቀን?"

"እንደ መኪናው ነው።"

ሲወጡ ይድነቃቸው "ሁሉን ነገር ረሳ?" አለ። "ታድሎ።"

ሱፍያን በስልክ ሲሰማ ራሱን ረገመ። "ጅል ነኝ! ጅል! እኛ እኮ ኮዱን ሰርዘን ሌሊትና ቀን ስለምንነዳው በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉን አስታውሶ ቁጭ ይላል። የእርስዎ የቆመ መኪና መሆኑን ማሰብ አልነበረብኝም?" እውነቱን ነው። ለሚሠራ መኪና የሚሆን ዘዴ ለሐዘንተኛ መኪና አልሆነም።

*

ሳምንቱን ነዱት። ይድነቃቸው ጠዋት በሜትሮ ይመጣል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተው ከተማውን የሚዞረውን ሀይዌይ፣ ቤልትዌዩን፣ ይዘው፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግረው አሌክሳንድሪያ ይደርሱና ይመለሳሉ። እንግዳወርቅ ሥራዋን ወደ ከሰዓት አዛወረች። ሥራዋ በስልክ ማስተርጐም ነው። ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ የማታያቸውን ሕሙማን ቃል ለማታያቸው ሐኪሞች ታደርሳለች፤ "ደረጃ ስወጣ ይጨንቀኛል"፣ "ግራ እጄን ያደነዝዘኛል"፣ "ለልጆቼ አልነገርኩም"። ከቃላቸው ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

ሱፍያን በየማታው ስካነሩን ሰክቶ መኪናው ከራሱ ምርመራ የትኛውን እንደጨረሰ ዜና ያመጣል። "ይኼኛው ሞልቷል። ይኼም ሞልቷል። ሁለት ቀርተዋል፤ የጭስ ማጣሪያውና የነዳጅ እንፋሎቱ። አንዱ ቢቀር ዓይናቸውን ጨፍነው ያሳልፉታል፤ ሁለት ከሆነ ግን ይመልሱታል። ማጣሪያው በሀይዌይ፣ ፍጥነት ሳይዋዥቅ፣ ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ፍሬን ረገጥ ረገጥ ካላችሁ እንደገና ከሀ ይጀምራል።"

ቤልትዌይ ላይ ፍሬን ሳይረግጡ መሄድ ደግሞ እንደ ሰማይ የራቀ ነው። በየቀኑ አንድ ነገር ይገጥማቸዋል። አንድ ቀን ዝናብ፣ አንድ ቀን አደጋ፣ አንድ ቀን ምክንያቱ ያልታወቀ ሰልፍ። ሐሙስ ዕለት ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። ከበታቻቸው ፖቶማክ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል።

"ናስትሮዋን እርስዎ ያውቁ ነበር?" አለች እንግዳወርቅ።

"የቷን ናስትሮ?"

"መብራቱ ላይ ለጥፏት የነበረችውን።"

ይድነቃቸው ፈገግ አለ። "አላውቅም፤ ግን አልደነቀኝም። ዓምዴ እኮ ከልጅነቱ እንደዚያ ነው። ክፉ ነገር ሲመጣ ይሸፍነዋል። ይኸው ደረቱንም..."

"ደረቱን ምን?"

ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ይድነቃቸው ትንሽ ጠጋ አለና ቆመ።

"ጋሽ ይድነቃቸው፤ ደረቱን ምን?"

"አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት አድርሼው ነበር። በጥምቀት ሰሞን። ተከታተል አሉት፣ ሌላ ምርመራም አዘዙለት። እሺ አለ።" መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። "ለእንግዳ እንዳትነግራት ብሎ አስማለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰማ ትውላለች፤ የኔን ልጨምርባት እንዴ አለኝ።"

ዓምደሚካኤል የሞተው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው።

ሰልፉ ተፈታ፤ አሌክሳንድሪያ ደርሰው ተመለሱ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ፤ መኪናው ቦታው ላይ ቆመ። ይድነቃቸው ሊወርድ ሲል ድምፅዋን ሳታነሣ "ከእንግዲህ አይምጡ" አለችው።

"እንግድዬ፣ ማጣሪያው ገና አልሞላም እኮ። ቅዳሜ..."

"አይምጡ።"

"አስምሎኝ ነው። የወንድሜን ቃል..."

"እኔ እኮ የሰው ሁሉ ደረት ስሰማ ነው የምውለው" አለች። "የማላውቀው ሰው ሁሉ ነግሮኛል።"

ሽማግሌው ቁልፉን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ። ሲወርድ እንኳ እጁ የወንበሩን ቁልፎች እንዳይነካ ሰብሰብ አድርጎ ነበር። ከዘራውን ለማንሣት የኋላውን በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ ወደ ሜትሮው እየተጎተተ ሄደ። እንግዳወርቅ በመስተዋት አየችው፤ ከኋላ ሲታይ ትከሻው የዓምደሚካኤል ነበር። አልጠራችውም።

*

ዓርብ ማታ እንደ ልማዷ በቀኝ በኩል ገብታ ተቀመጠች። ናስትሮዋ የነበረችበት ቦታ ላይ የሙጫ ጠባሳ ቀርቷል። እሱን አየች፤ ወንበሩን አየች።

"ለምን?" አለች። "እኔ ማን ነበርኩ?"

ውሻውን ይዞ የሚያልፍ ጎረቤቷ ቀና ብሎ አያት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ማድረግ ረስታ ነበር።

ሱፍያን ደወለ። "እትዬ፣ ነገ ግማሽ ቀን ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ታርጋው የለም። እኔ ልንዳልዎት። ወንበሩን ትንሽ ጠጋ ባደርገው..."

"አንተ አትነካውም።"

"ታዲያ ማን ይነካዋል?"

ልትተወው ትችል ነበር። ይውሰዱት፣ ይጎትቱት፣ እንደ ልብሱ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለው ይሂዱ። የዋሻትን ሰው ወንበር ማን አደራ አላት? ግን የማታውቀው ሰው በዚያ ስርጉድ ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ ታያት።

"የሚነካው እጅ ካለ የኔ ነው" አለች።

*

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ወረደች። የሾፌሩን በር ከፈተች። በመጀመሪያ በስልኳ ፎቶ አነሣች፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ግን ወንበር ብቻ ነበር፣ የማንም ሊሆን የሚችል ወንበር። ቀጥላ ተንበርክካ፣ ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ብረት በእጅዋ ዳሰሰችና ያችን ናስትሮ ከቦርሳዋ አውጥታ ወንበሩ ባረፈበት ላይ ለምልክት ለጠፈች። አልያዘችም። ሙጫዋ ዳሽቦርዱ ላይ ቀርቷል። በአውራ ጣቷ ደጋግማ ጫነቻት፤ እጇን ስታነሣ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

ሰማዩ እየነጣ ነው። መንገዱ ባዶ የሚሆነው አሁን ብቻ ነው።

ቁልፉን ተጫነች። ወንበሩ ዝግ ባለ ድምፅ እየዘመረ ወደ ፊት መጣ። ቶሎ እንዲያልቅ ፈለገች፤ እንዳያልቅም ፈለገች። ከፍ አደረገችው። መደገፊያውን አቀናችው። ስፔኪዮውን ስታወርድ የራሷን ዓይን አየችበት፤ ቀላ ብሏል። ከዚያ ተቀመጠች፤ ጀርባዋ ስርጉዱን አልሞላውም።

ቤልትዌይ ላይ ስትገባ መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። የጭነት መኪኖች እንደ ቤት ገዝፈው በጎኗ ያልፋሉ። ፍሬን ልትረግጥ እግሯ በተነሣ ቁጥር "ከሀ ይጀምራል" የሚለው የሱፍያን ድምፅ ይመጣባታል፤ እግሯን ትመልሳለች። አንዱ ከፊቷ ጥልቅ ሲል "በእመብርሃን!" ብላ ጮኸች፤ ግን አልረገጠችም። ድልድዩን አለፈች። አሌክሳንድሪያ ገባች። የይድነቃቸው ሕንፃ ከመውጫው ቅርብ ነው፤ የአንዱ መስኮት መብራት በርቷል፤ በዚህ ሰዓት ዳዊት የሚደግመው እሱ መሆን አለበት። ጥሩምባ አልነፋችም። ዞራ ተመለሰች፤ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው መስመር፣ ጣቶቿ መሪው ላይ እስኪደርቁ።

ጣቢያው በር ላይ ሦስተኛ ተሰለፈች። ያችው ሠራተኛ ገመዷን ሰካች። ኮምፒውተሩ ሲያስብ እንግዳወርቅ ዓይኗን ጨፈነች።

"አንድ ብቻ ነው የቀረው፤ የነዳጅ እንፋሎቱ። እሱን እንፈቅዳለን" አለች ሴትዮዋ። "ጨርሰዋል። ለሁለት ዓመት አይምጡብኝ።"

ሱፍያን ሲደወልለት ስልኩ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። "እንኳን ደስ ያለዎት! ያቺ ቢጫ መብራት ሳምንት ሳትሞላ ልትመለስ ትችላለች፤ ግን ማን ያያታል? ናስትሮ አለን!"

"አይ" አለች እንግዳወርቅ። "ናስትሮ አንለጥፍም።"

*

ግቢዋ ገብታ ሞተሩን ሳታጠፋ ወንበሩን ወደ ኋላ መለሰችው። ወርዳ በሩቁ አየችው። በዛ። ትንሽ ወደ ፊት። አነሰ። መደገፊያውን አጋደለችው፤ ፎቶውን ከፍታ አስተያየች፤ ቀና አደረገችው። በቀኝ በኩል ገብታ ከራሷ ቦታ አየችው፤ ተመልሳ ዞረች፤ እንደገና ነካካችው። ከፍ፣ ዝቅ፣ ወደ ኋላ። እሱ ልኩን ያገኘው ዕድሜውን ሙሉ ፈልጎ ነው። እሷ በአንድ ቀትር ፈለገችው። በመጨረሻ ወንበሩ የሱም ያልሆነ፣ የሷም ያልሆነ ቦታ ላይ ቆመ፤ ጣቷንም ከቁልፉ ላይ አነሣች።

መኪናው ግን ማንም የማይወስደው ሆኖ በቦታው ነበር።

ሲመሽ እንደ ልማዷ ወረደች። እግሯ በራሱ ወደ ቀኙ በር ወሰዳት። እጀታውን ይዛ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች፤ ማዶ ያለው ወንበር ዝም ብሎ ወንበር ነበር። እጀታውን ለቀቀች። በመኪናው ፊት ዞራ የግራውን በር ከፈተችና ገባች፤ ቁልፉን ተጫነች፤ ወንበሩም እግሯ ፍሬኑ እስኪደርስ ወደ ፊት አመጣት።

ከዚያ ወደ ቀኟ ዞረች። በዚያ በኩል ቀበቶው ተንጠልጥሏል፤ በመስኮቱ ዛፍ ይታያል፤ የመቀመጫው ጠርዝ በሷ ቀሚስ ፍትጊያ ሳስቷል። የራሷን ቦታ ከዚህ አይታው አታውቅም። ከዚህ ሆኖ ነው ያያት የነበረው። ከዚህ ሆኖ ነው፣ ያ መብራት ከናስትሮዋ ሥር እየበራ፣ ደረቱን እየያዘው፣ ዛፍ ስታይ እያያት ዝም ያለው።

ጎረቤቷ ውሻውን ይዞ አለፈ፣ ፊቷንም አየ። እንግዳወርቅ ስልኳን አላነሣችም።